አሮጌ የጀልባ ሞተር ለጀማሪ፦ ከጎንደር ግቢ እስከ ጎርጎራ ውሃ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ተቀምጣችሁ «ጀልባ ገዛሁ» ስትሉ መጀመሪያ የሚመጣው ሳቅ ነው። «የት ልትነዳው ነው? ቀሃ ወንዝ ላይ?» ይላሉ። አንዱ ጓደኛዬማ «ጥምቀትን ጠብቅና ፋሲል መዋኛ ሲሞላ ሞክረው» ብሎኛል። ጣና ግን ሩቅ አይደለም። በአዘዞ አድርጋችሁ፣ ቆላ ድባን አልፋችሁ፣ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ ጎርጎራ ናችሁ።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። አንዲት ትንሽ የፋይበር ጀልባ ከነአሮጌ ሞተሯ ገዛሁ። ሞተሩ ባለ 15 የፈረስ ጉልበት፣ ቱ ስትሮክ ነው። የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት አበላሽቼ ነው። አሁን አሁን እንደኔው አሮጌ ሞተር የገዙ ሰዎች ይደውሉልኛል፤ የሚጠይቁት ደግሞ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ጻፍኩት።

ሞተሩን ገዝቼ ቤት አስገባሁ። ከየት ልጀምር?

ካቻቪቴውን አስቀምጡ። የምሬን ነው። አሮጌ ሞተር የገዛ ሰው ሁሉ እጁ የሚሄደው ካርቡሬተሩ (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለው) ላይ ወዳለችው ቪቴ ነው። ያቺ ቪቴ ግን በሞተሩ ውስጥ በትክክል የተቀመጠችው ብቸኛ ነገር ልትሆን ትችላለች። አንዴ ካዞራችኋት የድሮው ችግር የቱ እንደሆነ፣ እናንተ የጨመራችሁት የቱ እንደሆነ መለየት አይቻልም።

የኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ሞተሩ በእጅ ይዞራል ወይ? ቀጥሎ ካንዴላው (ቤንዚኑን የሚለኩሰው) እሳት ይሰጣል ወይ? ቀጥሎ ንጹህ ቤንዚን ይደርሰዋል ወይ? ከዚያ ውሃው ይዘዋወራል ወይ? ማስተካከል የሚባለው የመጨረሻው ነው፤ ብዙ ጊዜ እሱ ጋ ሳትደርሱ ችግሩ ያልቃል።

ክዳኑን አንሱና ከየአቅጣጫው በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የትኛው ቱቦ የት እንደሚገባ ነገ አታስታውሱትም። ካንዴላዎቹን ፍቱ፤ የማስነሻ ገመዱን ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ከዞረ እሰየው። ድርቅ ብሎ ከያዘ በጉልበት አትታገሉት። በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት አንጠባጥቡበትና አንድ ሁለት ቀን ተዉት። ብዙ ጊዜ ራሱ ይለቃል።

እሳቱን ለማየት ካንዴላውን ከኮፍያው ጋር አገናኙና ብረቱን ሞተሩ ላይ አስነክታችሁ ገመዱን ሳቡ። ሰማያዊ ብልጭታ ጥሩ ነው። ደብዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ወይ ካንዴላው ወይ እሳቱን የሚያመነጨው ጥቅል፣ ቦቢናው፣ አርጅቷል፤ በአሮጌዎቹ ላይ ደግሞ እሳቱን የሚያቋርጠው መነካኪያ፣ ፑንቲናው፣ ቆሽሾ ሊሆን ይችላል። ይህን ስታደርጉ ቤንዚን ያለበት ጄሪካን አጠገባችሁ አይኑር።

ቱ ስትሮክ ይሁን ፎር ስትሮክ በምን ልለየው?

ፎር ስትሮክ እንደ መኪና የዘይት መለኪያ ዘንግ አለው። ቱ ስትሮክ የለውም፤ ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው። አንዳንዶቹ ለብቻው የዘይት ታንክ ስላላቸው ከክዳኑ ስር እዩ። እርግጠኛ ሳትሆኑ እንዳታስነሱት። ቱ ስትሮክን በንጹህ ቤንዚን ማስነሳት ፒስተኑን በደረቁ መፍጨት ነው።

ዘይትና ቤንዚን ስንት ለስንት ልቀላቅል?

የሞተሩ መመሪያ ያለው ሰው መመሪያውን ይከተል። ለአብዛኞቹ የተለመደው 50 ለ 1 ነው። ለ10 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ዘይት ማለት ነው፤ 20 ሊትር ለሚይዘው ጄሪካን 400። አንዳንድ የያማሃ ሞዴሎች 100 ለ 1 ይላሉ። ፒስተንና ፋሻ (የፒስተኑን ቀለበት) ቀይራችሁ ከሆነ መጀመሪያ ለማለማመድ ዘይቱን በእጥፍ፣ ማለትም 25 ለ 1 አድርጉ።

መጠኑን በዓይን አትገምቱ። እኔ የልጆች ሽሮፕ መለኪያና የግማሽ ሊትር የውሃ ፕላስቲክ ነው የምጠቀመው። መጀመሪያ ዘይቱን ከትንሽ ቤንዚን ጋር ምቱት፣ ከዚያ የቀረውን ጨምሩና ጄሪካኑን አገላብጡት።

የዘይቱ ዓይነት ከመጠኑ እኩል ያሳስበኛል። የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው በውሃ ነው። የሚፈልገው ቆርቆሮው ላይ ቲሲ ደብልዩ 3 የሚል ምልክት ያለበትን ዘይት ነው። የሞተር ሳይክል ቱ ስትሮክ ዘይት የተሠራው በአየር ለሚቀዘቅዝ፣ በጣም ለሚግል ሞተር ነው፤ ጀልባ ላይ ካንዴላና ፋሻ ላይ ጥቀርሻ ያበዛል። ለአንድ ቀን ችግር ማውጫ ይሆን ይሆናል፤ ዓመቱን ሙሉ ግን አይሆንም።

ቤንዚኑንም ፈትሹ። መንገድ ዳር በፕላስቲክ የተገዛ ቤንዚን ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ጥርት ባለ ጠርሙስ ትንሽ ቅዱና አሳድሩት። ውሃ ካለበት ጠዋት ታች ተኝቶ ታገኙታላችሁ።

ካንዴላውን ሳወጣው ጥቁር ነው። ምን ማለት ነው?

ካንዴላ የሞተሩ ምላስ ነው፤ አሳዩኝ እንደሚል ሐኪም እዩት። እንደ ቡና በወተት ቡኒ ከሆነ ጤነኛ ነው። ጥቁርና ደረቅ ጥቀርሻ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። ጥቁርና እርጥብ፣ ዘይት የሚሸት ከሆነ ወይ ዘይቱ በዝቷል ወይ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር) ብዙ ቆይቷል ወይ እሳቱ ደካማ ነው። ነጭ ሆኖ እንደ ብጉር ያበጠ ነገር ካያችሁ ሞተሩን አታስነሱ። ቤንዚን አንሶት ከመጠን በላይ እየጋለ ነው፤ ቀጥሎ የሚበሳው ፒስተኑ ነው።

አነባበቡም ዘዴ አለው። በሚኒሞ ሲያንኮራፋ የቆየ ካንዴላ ሁሌም ጥቁር ነው፤ ምንም አይነግራችሁም። ሐይቁ ላይ በሙሉ ነዳጅ ጥቂት ደቂቃ ነድታችሁ ድንገት አጥፉትና ያኔ ፍቱት።

ስትገዙ ቁጥሩን ይዛችሁ ሂዱ። ለምሳሌ ባለሁለት ሲሊንደሩ ያማሃ 15 የሚወስደው ኤንጂኬ ቢ7ኤችኤስ-10 ነው፤ ክፍተቱም 1 ሚሊ ሜትር ገደማ። የመለዋወጫ ሱቅ ልጅ «ይሄም ይገባል» ብሎ ሌላ ሊሰጣችሁ ይችላል። መግባቱስ ይገባል። ጥርሱ ከረዘመ ግን ከውስጥ ፒስተኑ ይመታዋል።

ሻጩ «ባሕር ላይ ይበር ነበር» ብሎኛል። ጣና ላይ ለምን ይጎተታል?

ሻጩ ላይዋሽ ይችላል። ከወደብ አካባቢ የመጣ ሞተር ከሆነ በእርግጥ ይበር ነበር። ጣና ግን ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሐይቅ ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት የባሕር ዳርቻው 80 በመቶ ያህል ነው። ሞተር ሲተነፍስ የሚያገኘው አየር በዚያው ልክ ያንሳል። በልምድ በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ጉልበት ይጠፋል ተብሎ ይታሰባል። ባለ 15ቱ ሞተራችሁ ጎርጎራ ሲደርስ ባለ 12 ነው ብላችሁ ያዙት። ይህን የሚመልስ መካኒክ የለም። ተራራ ነው፤ በካቻቪቴ አይወርድም።

የሚስተካከለው ሌላው ግማሽ ነው። ካርቡሬተሩ አየሩ እንደቀነሰ በወጉ አያውቅም። ቤንዚኑን በባሕር ልኩ መስጠቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ጢስ ይበዛል፣ ካንዴላ ይጠቁራል፣ ቤንዚን ይጠጣል፣ ነዳጅ ስትሰጡት ያንቀዋል። መፍትሔው በካርቡሬተሩ ሆድ ውስጥ ያለችውን፣ ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሽ የነሐስ ቪቴ ቀዳዳዋ በጠበበ መቀየር ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ዝቅ ማለት ይበቃል። ፋብሪካው በከፍታ ልክ ሰንጠረዥ ካወጣ በእሱ ሂዱ። ቀዳዳውን በብየዳ አጥብቦ እንደገና መብሳት የሚሉ ጎበዞች አሉ። አትስሟቸው።

ሁለተኛው ፕሮፔለሩ ነው። ጉልበት ያጣ ሞተር የባሕሩን ፕሮፔለር ማዞር ይከብደዋል፤ በከባድ ማርሽ ዳገት እንደመውጣት ነው። በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት በአንድ ወይም በሁለት ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር ግጠሙለት። ዙሩ ይጨምራል፣ ጀልባዋም ቶሎ ቀና ትላለች። ለኔ ከምንም በላይ ለውጥ ያመጣው ይሄ ነው። ያወጣሁትን ብር አላነሳውም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ለጣና ያስተካከላችሁትን ሞተር ለሌላ ቦታ ስትሸጡ ንገሩ። ጋምቤላ ባሮ ላይ ከፍታው 500 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ የእናንተ ሞተር ቤንዚን ያንሰዋል፤ ይግላል፤ ይቃጠላል።

መካኒኩ «ኮምፕሬሽኑ ወርዷል፣ ፒስተን ይቀየር» አለኝ። ልቀይር?

ቆዩ። ኮምፕሬሽን ማለት ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየር ግፊት ነው፤ መለኪያው በፒኤስአይ ያሳያል። ስንት አነበበ? ባሕር ወለል ላይ 110 ፒኤስአይ የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ጎንደር ላይ ከ90 በታች ሊያሳይ ይችላል። ከተማችን ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ከጣናም ከ300 ሜትር በላይ ትበልጣለች። የሚታመቀው አየር ከመነሻው ቀጭን ነው። መጽሐፍ ላይ ያለውን ቁጥር ይዞ «ወርዷል» ማለት ይህን መርሳት ነው።

የምታዩት በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት ነው። አንዱ 88፣ ሌላው 85 ከሆነ ሂዱና ዓሣችሁን ብሉ። አንዱ 88፣ ሌላው 60 ከሆነ መካኒኩ ልክ ነው። በደካማው ሲሊንደር ጥቂት ዘይት ጨምራችሁ እንደገና ለኩ። ከፍ ካለ ፋሻው ነው። ካልተነቃነቀ የራስጌው ጓርኒሲዮን (በብረቶቹ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ከፒስተን በብዙ ይረክሳል።

ካርቡሬተሩን ራሴ ማጽዳት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ሰፊ ነጭ ሳህን፣ ጥሩ ብርሃንና ማንም የማይረብሽበት ከሰዓት ይበቃል። ነጭ ሳህን ያልኩት ለጌጥ አይደለም፤ ትንንሾቹ የነሐስ ነገሮች ምንጣፍ ላይ ከወደቁ አይገኙም።

የኔን ስፈታው ከሆዱ የወጣው ቤንዚን አልነበረም። ታች የተኛ፣ አረንጓዴ ወደ ቡኒ የሚያደላ፣ እንደ ቆየ ማር የሚጓተት ነገር ነበር። ሽታው ቫርኒሽ ነው። ቤንዚን ለወራት ሲቀመጥ እንዲህ ይሆናል። ትንሿን የነሐስ ቪቴ ፈትቼ ወደ መስኮቱ አንስቼ አየሁባት። ብርሃን አያልፍም። ድፍን ብላለች። «ሞተሩ ሞቷል» ያሉኝ ሰዎች ሁሉ የፈረዱት በዚህች በተደፈነች ቀዳዳ ነው።

በመርፌ አትጎርጉሯት። ቀዳዳዋ የሚለካው በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ስለሆነ ትንሽ ብትሰፋ ልኩ ጠፋ። እኔ ጎርጎራ ላይ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ የመረብ ናይለን ክር ለመንኩ። ብረት አይጭርም፣ ልኩም ለቀዳዳዋ ሆነ። ቪቴዋን በካርቡሬተር ማጽጃ ዘፍዝፌ ክሩን ሁለቴ ሳብኩባት። በመጨረሻ ጎሚስታ ጋ ወስጄ በአየር አስነፋሁት። ልጁ ሂሳብ አልተቀበለኝም፤ «ጀልባዋ ስትነሳ ዓሣ አምጣልኝ» ብቻ አለኝ።

ተንሳፋፊዋን ስታወጡ አጠገባችሁ አስቀምጡ፣ ቤንዚኑን የምትዘጋውን መርፌዋንም እንዳትጥሏት። የተቀደደ ጓርኒሲዮን በማስቲሽ አትለጥፉ፤ ማስቲሹ ተፈርፍሮ ያቺኑ ቀዳዳ ይደፍናል። የጓርኒሲዮን ወረቀት ገዝታችሁ በመቀስ ቁረጡ።

ጎንደር ግቢዬ ውስጥ ልሞክረው እችላለሁ?

በበርሜል። ባለ 200 ሊትሩን በርሜል አፉን አስቆርጡና ሞተሩን ጠንካራ ጣውላ ላይ እሰሩት። ውሃው ከፕሮፔለሩ በላይ ያለውን ጠፍጣፋ ክንፍ መሸፈን አለበት። ፕሮፔለሩን አውልቁት፤ ካልሆነ ውሃውን ጎረቤት ድረስ ይረጨዋል። በጎንደር የቧንቧ ውሃ ተራ ስትጠብቁ ከርማችሁ በርሜል ሙሉ ውሃ ለሞተር ስትሰጡ ቤት ውስጥ ምን እንደምትባሉ አውቃለሁ። ሞክራችሁ ስትጨርሱ ዘይት የነካው ስለሆነ ለልብስ አይሆንም፤ ለሚቀጥለው ሙከራ ግን አቆዩት። ጢሱ መርዝ ነው፤ በረንዳ ስር አይሁን።

ያለ ውሃ ግን ለአምስት ሴኮንድም «እስቲ ልስማው» አትበሉ። የውሃ ፓምፑ ጎማ በደረቁ ሲዞር ወዲያው ይላጣል።

በርሜሉ የሚያሳያችሁ መነሳቱን፣ ውሃ መሳቡንና ማንጠባጠቡን ብቻ ነው። ማስተካከያ ቦታ አይደለም። አንደኛ ሞተሩ ጭነት የለበትም። ሁለተኛ ከፍታው የጣና አይደለም። እኔ መጀመሪያ ግቢ ውስጥ እንደ ሰዓት አስተካከልኩት፤ ጎርጎራ ስደርስ ማርሽ ባስገባሁ ቁጥር ይጠፋ ጀመር።

ታዲያ ሚኒሞውን እንዴት ላስተካክል?

ውሃ ላይ፣ ሞቆ፣ ማርሽ ገብቶ። ጀልባዋን በጠንካራ ገመድ ከዳር እሰሯት። አሥር ደቂቃ ያህል ይሙቅ። ከዚያ የቅልቅሏን ቪቴ፣ ማለትም ካርቡሬተሩ ላይ የቤንዚንና የአየሩን ልክ የምታስተካክለውን፣ ያዙ። መነሻችሁ ከጠፋ ቀስ ብላችሁ እስክትነካ አስገቧት፤ አታጥብቋት፣ ጫፏ ይጎዳል። ከዚያ አንድ ዙር ተኩል መልሷት። ለብዙዎቹ ሞተሮች ጥሩ መነሻ ነው።

አሁን በስምንተኛ ዙር፣ በስምንተኛ ዙር ሂዱ። በየእርምጃው አሥራ አምስት ሴኮንድ ጠብቁ። ቱ ስትሮክ ቶሎ አይመልስም፤ የሚቸኩል ሰው ሁሌም ያልፈዋል። በአንድ በኩል ስትሄዱ ማስነጠስና መቆራረጥ ይጀምራል። ቤንዚን አንሶታል። በሌላ በኩል ከባድ፣ ወፍራም፣ እንደ ሰነፍ ፈረስ የሚንገዳገድ ድምፅ ታገኛላችሁ። በዝቶበታል። መሐሉን ፈልጉና ትንሽ ወደ መብዛቱ አዘንብሉ። በየትኛው በኩል ስትዞር እንደሚቀንስ በሞተሩ ዓይነት ይለያያል፤ ስለዚህ ጆሯችሁን እመኑ። ከዚያ ዙሩን በምታስተካክለው በሌላኛዋ ቪቴ ሚኒሞውን መመሪያው ወደሚለው ዙር መልሱት። ድንገት ነዳጅ ስጡት። ካንገራገረ በቅልቅሏ ቪቴ ቤንዚኑን ትንሽ ጨምሩ።

አሥር ደቂቃ ሄዶ ይጠፋል። ትንሽ ሲያርፍ ይነሳል፣ ደግሞ ይጠፋል።

ይሄ ጥያቄ ሲመጣ ፈገግ እላለሁ። ከጎርጎራ ወጥቼ እንዲሁ ሆነብኝ። ዳሩ እየታየኝ ሞተሩ ጸጥ አለ። ስስበው ተነሳ፣ ትንሽ ሄደ፣ ጸጥ። ሦስተኛው ላይ አንድ ሽማግሌ በደንገል ታንኳ እንጨት ጭነው ሲያልፉ አዩኝ።

«አባቴ፣ ገመድ ልወርውርልዎት?» አልኳቸው።

«ወርውር ልጄ» አሉኝ። ከዚያ ታንኳቸውን መታ መታ አድርገው «ይቺ ቤንዚን አትጠይቅም» አሉ።

ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ሞተር ይዤ በሳር ጀልባ ተጎትቼ ገባሁ። ዳር ላይ የነበሩት ልጆች ዛሬም አይረሱትም። ካርቡሬተር ፈታሁ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ቦቢና ላስመጣ ስል ዓይኔ ቤንዚን ቱቦው ላይ ባለችው የምትጨመቅ የጎማ ኳስ ላይ አረፈ። እንደ ተጨመቀ ሎሚ ሟሽሻ ተጣብቃለች። የታንኩ ክዳን ላይ ያለችው የአየር መተንፈሻ ቪቴ ተዘግታ ነበር። ቤንዚኑ ሲወጣ በምትኩ አየር ካልገባ ታንኩ ራሱን ያንቃል። ትንሽ ስታርፉ አየር በስንጥቅ ይገባና ሞተሩ ይነሳል።

ኳሷ ሟሽሻ ካገኛችኋት መተንፈሻውን ክፈቱ። ልስልስ ብላ አልጠነክር ካለች ደግሞ ቱቦው አየር ይስባል ወይ ውስጧ ያሉት ቫልቮች አልቀዋል።

ከጎኑ የሚወጣው የውሃ ክር ቀጭን ነው። ያሳስባል?

ያሳስባል። ያ ውሃ ሞተሩ እየቀዘቀዘ መሆኑን የሚነግራችሁ ነው። መጀመሪያ መውጫ ቀዳዳውን በቀጭን ሽቦ ጥረጉ፤ ብዙ ጊዜ ጭቃ ወይም ነፍሳት ናቸው። ካልሆነ የፓምፑን ጎማ ቀይሩ። አሮጌ ሞተር ስትገዙ ሳትጠይቁ ቀይሩት ባይ ነኝ። ክንፎቹ ወደ አንድ ወገን ጎብጠው ከቀሩ አልቋል። በክረምት ወንዞቹ አፈር ይዘው ሲገቡ የጣና ውሃ ይደፈርሳል፤ አሸዋው ጎማውን ይሞርደዋል።

ሞተሩ ከባሕር የመጣ ከሆነ ቴርሞስታቱን አውጡና ተመልከቱ። በጨው ተጋግሮ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ድስት ውስጥ ከውሃ ጋር አሙቁት። ብዙዎቹ ወደ 50 ዲግሪ ገደማ ላይ መከፈት ይጀምራሉ። ውሃው ፈልቶም ካልተከፈተ ጣሉት። ድስቱን መልሳችሁ ለወጥ እንዳታስገቡ።

የእግሩ ዘይትስ?

እግሩ ፕሮፔለሩን የሚያዞሩት ማርሾች ያሉበት የታችኛው ክፍል ነው። የታችኛውን ብሎን ፍቱና እዩ። ንጹህ ከሆነ ደህና። ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቷል፤ ፓራሊዮው (ዘይቱን የሚያቆመው የጎማ ማሸጊያ) ይቀየር። ስትሞሉ ከታች ወደ ላይ ነው፤ በላይኛው ቀዳዳ እስኪወጣ። ከላይ ከሞላችሁ አየር ይቀራል።

እምቦጭ ውስጥ ብገባስ?

አትግቡ። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ2011 ወዲህ ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳር፣ በደምቢያና በጎንደር ዙሪያ በኩል ይበረታል። ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ ቅጠሉ የውሃ መሳቢያውን ይደፍናል። ሞተሩ ሲጮህ ጀልባዋ ካልሄደች ወዲያው አጥፉ። ሞተሩን አንሱና በእጅ አጽዱ። ስታነሱት መጥፋቱን አረጋግጡ፤ ማርሽ ገብቶ እየዞረ ያለ ሞተር ጣት ይወስዳል። ጀልባዋን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ስታጓጉዙ የተጣበቀ ቅጠል አታስከትሉ። ቁራጩ ለመብቀል ውሃ ይበቃዋል።

መካኒክና መለዋወጫ ከየት?

ጎንደር ላይ የጀልባ ሞተር ብቻ የሚሠራ ሰው መፈለግ ይደክማል። ቱ ስትሮክ ባጃጅና ሞተር ሳይክል ላይ ያደገ መካኒክ ግን ካርቡሬተሩንና እሳቱን ከማንም በላይ ይረዳል። ስለ ውሃውና ስለ እግሩ እናንተ ንገሩት። አንድ ጋራዥ የኔን የራስጌ ብሎን እንደ ጭነት መኪና አጥብቆ አልሙኒየሙ ውስጥ ሰብሮብኛል። ቶርኖ ቤት ነው ያወጣልኝ። ዛሬ «ቀስ፣ አልሙኒየም ነው» ማለት አላፍርም።

ዕቃ ስታስመጡ ከባሕር ዳርም ይሁን ከአዲስ አበባ፣ ማሰሪያው ላይ ያለውን የሞዴል ቁጥር ፎቶ ላኩ። «ያማሃ 15» ብቻ አይበቃም። ኢቪንሩድ መሠራት ያቆመው በ2020 ነው፤ እሱን ወይም ጆንሰን የገዛችሁ ዕቃ ፍለጋችሁ ይረዝማል።

ክረምቱን እንዴት ላሳድረው?

በርሜል ውስጥ አስነሱትና የቤንዚን ቱቦውን ንቀሉት፤ የቀረውን ጠጥቶ ራሱ ይጥፋ። ካርቡሬተሩ ባዶ ሆኖ ይከርማል። በካንዴላ ቀዳዳዎቹ ትንሽ ዘይት ጨምሩና ገመዱን ሁለት ሦስቴ ሳቡ። ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት እንጂ አታስተኙት፤ ውሃው ይውረድ። ክዳኑ ስር አይጥ ጎጆ እንዳትሠራ በየጊዜው እዩ። የኔን የእሳት ሽቦ በልታዋለች።

የመጀመሪያው ቀን ምን ይዤ ልውጣ?

መቅዘፊያ። ምንም ቢሆን መቅዘፊያ። ለእያንዳንዱ ሰው የነፍስ አድን ጃኬት፤ ጃኬቱ ይለበስ እንጂ አይቀመጥበት። ትርፍ ካንዴላና መፍቻው፣ የፕሮፔለሩ ትርፍ ፒን፣ ገመድ፣ በፕላስቲክ የታሰረ ስልክ። ጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት ነፋሱ ይነሳል። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፣ ጥልቁ ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ በነፋስ ሲመታ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ ትንሽ ጀልባን ያስቸግራል። ዳር ላለ ሰው የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ንገሩ።

ሁሉንም አደረግሁ። እሳት ጭራሽ የለም። ቦቢና ልግዛ?

ቀዩ ገመድ የት ነው? የማጥፊያው ላይ የሚሰካው፣ ሌላኛው ጫፍ ነጂው እጅ ላይ የሚታሰረው። እሱ ካልተሰካ ሞተሩ ሆን ብሎ እሳት አይሰጥም። የኔው ሦስት ቀን ገመድ ስስብ ጀርባዬ ከተቆረጠ በኋላ ከሹራቤ ኪስ ነው የተገኘው።